«አሁን ሳቁ» የሚለን ቴሌቪዥን

ደሴ ከተማ ለወጣት የድራማና የሥነ ጽሑፍ ክበባት የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አስተዋዋቂያችን «የፊልም ሃያሲ» ብላ አስገባችኝ። ሃያሲ አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ። ደረጃዬን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ቤቴ ውስጥ ሪሞት የምይዘው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ተመልካች ግን አንድ ትልቅ መብት አለው፤ ሳይማር ሐሳብ ይሰጣል። ዛሬ በዚያ መብቴ ልጠቀም ነው።

ሐሳቤ ረጅም አይደለም። ቴሌቪዥኑም ፊልሙም መቼ መሳቅ፣ መቼ ማልቀስ እንዳለብን ሊነግሩን ይወዳሉ። እኔ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ሳቄን ራሴ ላግኘው። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። የሰለቸው ሰው ካለ ውጭ ሻይ አለ።

ከሳቁ ልጀምር። ሲትኮም የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰውየው በር ከፍቶ ይገባል፣ ገና አፉን ሳይከፍት የማይታዩ ሰዎች በአንድ ላይ «ሃሃሃ» ይላሉ። ማን ናቸው? አንዳንዴ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ባሉ ተመልካቾች ፊት በሦስት ካሜራ ይቀረጽ ነበር። እዚያ የምትሰሙት ሳቅ የሰው ሳቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሳቁ የሚመጣው ከሳጥን ነው። ቻርልስ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ መሐንዲስ በዚያው በ1950ዎቹ አንድ መሣሪያ ሠራ። ውስጡ የተቀዳ ሳቅ አለ። እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፎች አሉት። አንዱን ሲጫን ፈገግታ ቢጤ ይወጣል፣ ሌላውን ሲጫን አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ይንከተከታል። ሰውየው ቀልዱን እያየ ሳቁን ይጽፍበታል ማለት ነው። የሚያስቅ ካልሆነም ይጽፍበታል። ደመወዙ ነዋ!

ከዚህ ሁሉ የምወደው ታሪክ የ«ማሽ» ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1983 የታየ ኮሜዲ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው የእኛ የቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት፣ አንድ የአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ጣቢያው «ሳቅ ይግባበት» አለ። አዘጋጆቹ አልፈለጉም። ተከራክረው አንድ ነገር አተረፉ፤ በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ በሚካሄዱ ትዕይንቶች ሳቅ አይገባም። ሐኪሞቹ እዚያም ይቀልዳሉ፣ ደም በደም ሆነው ይቀልዳሉ። ግን ሳጥኑ ዝም ይላል። የእንግሊዙ ቢቢሲ ደግሞ ጭራሽ ሳቁን አውጥቶ አሳየው። እኔ ያለ ሳቁ ነው የምመርጠው። ያለ ሳቅ ስታዩት አንዳንዱ ቀልድ ያስቃችኋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጉሮሯችሁ ላይ ይቀራል። ሳጥኑ ሲኖር ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባናል። የእኛ ኮሜዲዎችስ? ሰውየው ይደናቀፋል፤ «ቦይንግ!» የሚል የካርቱን ድምፅ ይለቀቃል። ሴትየዋ ትገላምጣለች፤ ጡሩምባ ይነፋል። በድራማው በኩል ደግሞ እናት ሆስፒታል ስትገባ ማሲንቆው ይጀምራል። ገና ሐኪሙ ምንም አላለም! ምናልባት ጨጓራ ይሆናል። ማሲንቆው ግን ቀብሯታል። ይሄ የማልቀሻ ሙዚቃ የሳቁ ሳጥን ወንድም ነው። ሁለቱም ተመልካቹን አያምኑትም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። አዝማሪ ቤት የገባችሁ እጃችሁን አውጡ። አይዟችሁ፣ ቤተሰብ የለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በእንግዳው ዙሪያ ይዞራል። ግጥም የመጣለት እንግዳ «ተቀበል!» ይለዋል፣ እሱም ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ቀልዱ እዚያው ይወለዳል። ለዛሬ አንድ ስንኝ ራሴ ገጥሜያለሁ፣ ባታደንቁትም ታገሱኝ። አንድ ገንዘብ የማይወጣለት ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል እንበል፦

የደሴን ብርድማ ማን ችሎት ያውቃል፣
የጋሼ እጅ እንኳ ኪስ ውስጥ ይሞቃል።

አያችሁ፣ አሁን እናንተም እንደዚያው ሳቃችሁ። መጀመሪያ ያቺ ጥግ ላይ ያለች ልጅ ሳቀች። ከዚያ መሐል ያሉት። እኚህ አባት ደግሞ አሁን ገና እየሳቁ ነው። አዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው። ሳቅ አንድ ላይ አይመጣም። መጀመሪያ ስለ ብርድ ይመስላል። አንዱ ይገባውና ሳቅ ያንቀዋል። ጎረቤቱ የሱን ፊት አይቶ መልሶ ያስባል። በመጨረሻ ራሳቸው ጋሼ ይገባቸዋል። እጃቸውን ከኪስ ያወጣሉ። ያቺ በቀልዱና በሳቁ መሐል ያለች ጊዜ የተመልካቹ ናት። ሳጥኑ የሚቀማን እሷን ነው።

ወደ ቴሌቪዥን ኮሜዲያችን ስመጣ፣ በዚህ መለኪያ ነው የማየው። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤት ይሞላው ነበር። በር ላይ ቆሞ የሚያይም ነበር። ጫማው እንዳይጠፋ ጫማውን በእጁ ይዞ የሚገባ ልጅ ሁሉ ነበር። የሳቅ ሳጥን ማን ይፈልጋል? ሳጥኑ እኛ ነበርን። ሁለት ሰው፣ አንዱ ኮስታራ፣ አንዱ የማይጨበጥ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ጌጥ። ዛሬ በየስልካችን ለብቻችን እናያለን። ብቻህን ስታይ አብሮህ የሚስቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ድምፅ ይጨምሩልሃል። ምክንያታቸው ይገባኛል። ግን መልሱ ድምፅ መጨመር አይደለም፣ ቀልዱን ማሻሻል ነው።

ከኋላ ከመጡት «ቤቶች»ን በደንብ አይቻለሁ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሳሎን፤ ሲጀምሩ ጥሩ ነበር። ሲረዝም ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ቀልድ ይዞ የሚገባ የሚወጣ ሆነብኝ። ፋና ላይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» ደግሞ በአንድ ካፌ ውስጥ አገር ያክል ጉዳይ አስቀመጠ። እሱን ስታይ ብዙ አትስቅም። ሳቁ የሚመጣው ቆይቶ ዜና ስትሰማ ነው። እኔ ካፌውን እመርጣለሁ። የሳሎኑ ወዳጆች ከስብሰባው በኋላ መጥታችሁ ልትጣሉኝ ትችላላችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ምን ዓይነት ነበር? ታሪካዊ ተውኔት? ሃይማኖታዊ? አይደለም፣ ኮሜዲ ነው። በ1910ዎቹ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ። አውሬዎች እያናገሩ የመንግሥቱን አሠራር ሸነቆጡበት። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሳጥን አልነበረውም፣ «እዚህ ጋ ሳቁ» የሚል አልነበረም። ቀልዱ ግን ለሚመለከታቸው ገብቷቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ የአገሬ ተመልካች አይገባውም የሚለኝን ደራሲ አልሰማም።

አሁን የሆዴን ልናገር፣ ምክንያቱም ደሴ ላይ ካልተናገርኩት የት እናገረዋለሁ? የቴሌቪዥን ኮሜዲ «የገጠር ሰው» የሚባል ገጸ ባሕርይ አለው። ጋቢ ይደርባል። ዱላ ይይዛል። ሊፍት ሲያይ ይደነግጣል። አነጋገሩ የወሎ፣ የጎጃም ወይም የመንዝ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ የአንዱም ሳይሆን የሦስቱ ድብልቅ ነው። አፉን ሲከፍት ብቻ መሳቅ አለብን። ምን ስላለ አይደለም፤ እንዴት ስላለው ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ ሁላችሁ ገጠር ዘመድ አላችሁ። ከገራዶ፣ ከኩታበር፣ ከወረባቦ፣ ከሐይቅ ዳር። አንድ አጎት ሰኞ ገበያ ውሎ ማታ ቤታችሁ ሲያድር ማን ነው ቤቱን በሳቅ የሚያፈርሰው? አጎትየው ነው። የከተማውን ልጅ ሱሪ፣ ስልክ፣ አበላል፣ ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ፊቱ አይንቀሳቀስም። ስቆ አይጨርስም፣ አይጀምርምም። «ወላሂ፣ እኔ ምንም አላልኩም» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ይሄን ሰው ቴሌቪዥኑ ወስዶ መሳቂያ አደረገው። ቀላጁን ቀልድ አደረጉት። እኔ የምከፋው አነጋገራችን ስለተነካ ብቻ አይደለም። ዋናውን ኮሜዲያን አባረው ዱላውን ብቻ አስቀሩት፣ ኪሳራ ነው።

ስለ ፊልሞቻችን አጭር አደርገዋለሁ። የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ አንዱን ካያችሁ ብዙውን አይታችኋል። ሀብታም ቤት፣ ድሃ ልጅ፣ ትልቅ መኪና፣ የተምታታ ማንነት፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ። ጥሩ ጥሩዎች አሉ፣ አልክድም። የሚገርመኝ ሁሉም አዲስ አበባ መሆናቸው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ሚኒባሱ ከዚህ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርቧል፣ መስኮት የሚከፍት የለም። የሀረጎን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር አንዱ ሻርፑን ይፈታል። ቀጥሎ ጃኬት ይወልቃል። ቦታ የለም፣ ክንድ ከክንድ ይጋጫል። መስኮት ይከፈት፣ አይከፈት ጭቅጭቅ ይነሳል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሚኒባሱ ልብስ ተራ ሆኗል። የማን ሹራብ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይሄ ፊልም አይደለም? ለዚህ ቪላ መከራየት ያስፈልጋል?

ወደ ሙዚቃዊ ፊልም ልለፍ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

«ዝም ብለው ሲያወሩ ቆይተው ለምን ድንገት ይዘፍናሉ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፊልሙን አቋርጦ የሚነሳም አለ። ግን ይኸው ሰው በቪዲዮ ቤት ዘመን በጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተጨናንቆ የህንድ ፊልም ያየ ሰው ነው። ቋንቋው ሳይገባው። ከወጣም በኋላ ዘፈኑን በማያውቀው ቋንቋ እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የሄደ። እንግዲህ ችግሩ ዘፈኑ አይደለም።

ደግሞስ እኛ ወሎዬዎች «ለምን ይዘፍናሉ» ማለት እንዴት ያምርብናል? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የእኛን አገር ስም የተሸከሙ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል። ትዝታንም የኛ ነው ስንል ደፍሮ የሚከራከረን ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነትን ያፈራች፣ የማሪቱ ለገሠን ድምፅ የሰማች አገር ናት። ላስታ ላይ ልጃገረዶች በአሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ በሶለል ሲወጡ፣ ሲያመሰግኑም ሲነቅፉም በዘፈን ነው። ሠርግ ላይ የሙሽራው ወገንና የሙሽሪት ወገን በንግግር ቢባባሉት የሚያጣላ ነገር፣ በዘፈን ይባባሉትና አብረው ይበላሉ። በንግግር የማይቻል ነገር በዘፈን ይቻላል። ሙዚቃዊ ፊልም የሚሠራውም እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ማለት ያለበትን በንግግር ማለት ሲያቅተው ከዘፈነ፣ ማንም «ለምን» አይለውም። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ነገር መለወጥ አለበት። ተጣልተው ከነበረ ታርቀዋል፣ ወይም ብሶባቸዋል። ብዙዎቹ የህንድ ፊልሞች የሚወድቁት፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ድንገት በረዶ ያለበት የአውሮፓ ተራራ ላይ ሲገኙ ነው። ልብስ አሥር ጊዜ ይቀየራል፣ ታሪኩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያኔ ነው ሰው ሽንት ቤት የሚሄደው። የእኛዎቹ ፊልሞች ደግሞ ዘፈኑን ለማስታወቂያ ይሠሩትና ለብቻው በዩቲዩብ ይለቁታል። ፊልሙ ውስጥ ሥራ የለውም።

አንድ ወጣት ቅድም ሻይ ላይ «የራሳቸው ድምፅ አይደለም እኮ፣ ማጭበርበር ነው» ሲለኝ ነበር። ልክ ነው፣ የራሳቸው አይደለም። በህንድ ፊልም ተዋናይዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈችው ላታ ማንጌሽካር ለብዙ ትውልድ ተዋናዮች ዘፍናለች። ሆሊዉድም አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «ማይ ፌር ሌዲ» ኦድሪ ሄፕበርን ስትዘፍን የምትሰሙት አብዛኛው ድምፅ የማርኒ ኒክሰን ነው። ልዩነቱ ህንዶቹ አልደበቁትም። ላታ ከተዋናዮቹ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ዝነኛ ነበረች። ኒክሰን ግን ለረጅም ጊዜ ስሟ በፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። እኔን የሚያናድደኝ ስሟን መደበቃቸው ነው፤ በሌላ ሰው አፍ መዝፈኗ ምንም አይለኝ። የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍ።

ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን እዚህ አስገብቻቸዋለሁ።

አንዲት እህታችን ቃና ላይ በአማርኛ ስለተተረጎሙት የቱርክ ድራማዎች ጠየቀች። «እነሱን ለምን አልነካሃቸውም? እናቴ ከነሱ ሌላ አታይም» አለች። እናትሽን ሰላም በይልኝ። ቃና በ2008 ሲጀምር የእኛ አርቲስቶች ተቃውመው ነበር። ሥጋታቸው ይገባኛል። እኔ እንደ ተመልካች የማየው ግን ይሄን ነው፦ ድራማ በትርጉም ይኖራል፣ ቀልድ ግን ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይሞታል። እናትሽ የምታለቅሰው ልቅሶ ኢስታንቡልም ደሴም አንድ ነው። የሚያስቀው ገጸ ባሕርይ ግን በአማርኛ ሲናገር እንግዳ ይሆናል። ሳይተረጎም አገር የዞረ ኮሜዲ ቢኖር «ሚስተር ቢን» ነው፣ እሱም ብዙም ስለማይናገር ነው። ሮዋን አትኪንሰን በተዋናይነት የሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ በጠቅላላው 15 ክፍል ብቻ ነው። ሕይወታችንን ሙሉ ያንኑ 15 ክፍል እየደጋገምን ነው የሳቅነው። ስለዚህ የእኛ ኮሜዲ ጸሐፊዎች ከቱርክ አይፍሩ። በአማርኛ የማሳቅ ሥራ አሁንም ክፍት ነው። የሚወዳደራቸው የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ወንድማችን ነው። «እሺ፣ የሳቅ ድምፅም አታስገቡ፣ ጡሩምባም አትንፉ ካልክ፣ የጻፍነው እንደሚያስቅ በምን እናውቃለን? እኛ እኮ ስንጽፈው እንስቃለን» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጸሐፊ በራሱ ቀልድ ሁሌም ይስቃል።

መልሱ የቆየ ነው። ማርክስ ወንድማማቾች የሚባሉት የአሜሪካ ኮሜዲያኖች እ.ኤ.አ. በ1935 ለወጣው ፊልማቸው ያደረጉትን ልንገራችሁ። ካሜራ ፊት ከመቆማቸው በፊት ዋና ዋናዎቹን የቀልድ ትዕይንቶች ይዘው ከከተማ ከተማ በመድረክ ዞሩ። ጸሐፊዎቹ አብረው ሄዱ። ሰው የት እንደሳቀ፣ ሳቁ ምን ያህል እንደቆየ እየለኩ መዘገቡ። ያላሳቀውን አወጡት። ሳቁ የሚረዝምበት ቦታ ላይ የሚቀጥለው ንግግር እንዳይዋጥ ዝምታ ተዉለት። ሳጥን አላስፈለጋቸውም፣ ሳቁን ከሰው ላይ ለክተው መጡ።

እናንተ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ ቅርብ ናችሁ። የሚኒባሱን ትዕይንት ጻፉት። ስምንት ወንበር በሁለት ረድፍ ደርድሩ፣ ጃኬት ደራርቡ። መጀመሪያ እዚህ ደሴ፣ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱት። በሚቀጥለው ሳምንት ኮምቦልቻ ውረዱና ከፈረቃ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ፊት ተጫወቱት። ደክሞታል፣ አይለማመጣችሁም። ከእናንተ አንዱ ከኋላ ቁጭ ብሎ ወረቀት ይያዝ። ደሴ የሳቀበትና ኮምቦልቻ የሳቀበት አንድ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ደሴዎች በሚበርዳቸው፣ ኮምቦልቻዎች በሚሞቃቸው ላይ እንደሚስቁ እገምታለሁ። ሁለቱም ጋ ጭጭ ያለውን አውጡት፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትወዱትም። ካሜራ የምትከራዩት ከዚያ በኋላ ነው።